የእማማ ሽሙጥ አማላጅ

በሳሙና ፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚጠራ ሰው አልነበረም። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ለሁሉም «አማላጇ» ናት። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። በስልክ ካሜራ ፊት ሆነው ሳሙናውን ለብዙ ሰው የሚያስተዋውቁትን ተፅዕኖ ፈጣሪዎች የምታፈላልገው፣ ከፋብሪካው ጋር የምታግባባው፣ ሲኮራረፉም የምታስታርቀው እሷ ነበረች።

ከእሷ በፊት ነገሩ ቀላል ነበር። ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ይፈለጋል፤ አንድ ካርቶን ሳሙና፣ የሚናገረው ከተጻፈበት ወረቀት ጋር ይላክለታል፤ ሰውየው ያነባል፤ በቃ። በሳምንቱ ያው ሰው የተፎካካሪውን ሳሙና ታቅፎ «እኔ ከዚህ ሌላ ነክቼም አላውቅ» ሲል ይታያል። ተመልካቹ ደግሞ ሞኝ አይደለም። «ባለፈው ሳምንት የማልክበት ሳሙና ሞተ እንዴ? ነፍስ ይማር» እያለ ከሥር ይጽፋል።

አማላጇ ይህን አሠራር ገለበጠችው። አብረዋት ከሚሠሩት ተፅዕኖ ፈጣሪዎች መካከል የማን ልጅ ጥርስ እያበቀለ እንዳስቸገረ፣ የማን አባት ሆስፒታል እንደተኛ፣ ማን ፈተና እንዳለበት ታውቅ ነበር። ሥራ ሳይኖር ትደውላለች። «ምን ፈልገሽ ነው?» ሲሏት «ምንም፣ ድምፃችሁን ልስማ ብዬ ነው» ትላለች፤ እውነቷንም ነው። እናቷ የሞተችው ገና ተማሪ ሳለች ነበር። ያሳደገቻት አክስቷ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን ልጅቷ በዚያ ቤት የኖረችው እንደ እንግዳ ነው። የምትቀመጥበትን ወንበር እየመረጠች፣ የሰው ፊት እያነበበች፣ ማን ምን እንደሚወድ በልቧ እየያዘች አደገች። ሰው እንዳይሸሻት ማድረግን የተማረችው ያኔ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የተማረችው የገበያ ጥናት በዚያ ላይ የተደረበ ነገር ነበር።

እማማ ሽሙጥን ያገኘቻቸው በስድባቸው ምክንያት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የሽያጭ ኃላፊው ፊቱ በርበሬ መስሎ ቢሮ ገባና ስልኩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። በቪዲዮው ውስጥ በነገረኝነታቸው «እማማ ሽሙጥ» የሚባሉ አንዲት እናት ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የማጠቢያ ሳፋ በጉልበታቸው መሃል አድርገው የፋብሪካውን ሳሙና ወደ ካሜራው ያሳያሉ። «እስቲ እዩልኝ፣ ሳሙና ብለው የሸጡልኝን ድንጋይ» አሉ። «አረፋ ስለምነው ዋልኩ። እሱ ግን ጭራሽ ሸሚዙን ቀደደው።» ከዚያ ሳሙናውን ራሱን ዐይን ዐይኑን አዩትና «አንተ ሥራ ተሳስተህ ነው እኔ ጋ የመጣኸው፤ ግንበኛ ጋ ሂድ» አሉት። ከካሜራው ጀርባ የአንዲት ሴት ሳቅ ይሰማል።

ቪዲዮው እጅ በእጅ ተቀባብሎ አገር አዳርሶ ነበር። ኃላፊው ጠበቃ ሊጠራ ነው። አማላጇ ከጠበቃው በፊት እኔ ልሂድ አለች።

ቤቱ ብዙ ተከራዮች የሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነበር። በግቢው መሃል ለመሃል የልብስ ገመድ ተዘርግቷል። ከመስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪና አለ፤ ቪዲዮውን የቀረጸችው ልጃቸው እዚያ ተቀምጣ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች። እማማ እንግዳዋ ከየት እንደመጣች ሲሰሙ ከበርጩማቸው ሳይነሱ፣ ልትከሺኝ ነው? አሏት። አማላጇ ቦርሳዋን አስቀመጠችና እጅጌዋን ሰብስባ «አይደለም እማማ፣ ላጥብ ነው የመጣሁት» አለች። በዚያ በተሰደበ ሳሙና የእጇ መገጣጠሚያ እስኪላጥ ድረስ አጠበች። እማማ እያዩዋት ዝም አሉ፤ እሳቸው ዝም ማለታቸው በግቢው ውስጥ ወሬ ሆነ።

የቀረውን ሳሙና በወረቀት ጠቅልላ ፋብሪካ መለሰችው። ኬሚስቱ መረመረው፤ እውነትም ያን ሰሞን የወጣው ምርት ከልክ በላይ ደርቆ ነበር። ተስተካከለ። ከተስተካከለው የመጀመሪያውን እሷው ይዛ ሄደች። እማማ አጠቡ፣ አሸተቱ፣ ዳሰሱት። ከዚያ ልጃቸውን ካሜራውን ክፈቺ አሏትና ለተመልካቻቸው እንዲህ አሉ፤ «ስድቤን ሰምተው ሳሙናውን አለሰለሱት። እኔ ነፍሱን ይማረውና ባሌን አርባ ዓመት ሰድቤ አልለሰለሰልኝም።»

ፋብሪካው ከእናትና ልጅ ጋር የተዋዋለው ከዚህ በኋላ ነው። እማማ ያስቀመጡት ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ የሚሉትን ማንም አይጽፍላቸውም፤ ሳሙናው ከተበላሸ ተበላሸ ይላሉ። ኃላፊው እያጉረመረመ ፈረመ። ኋላ ላይ ግን የእማማ ቃል ከየትኛውም ማስታወቂያ ይልቅ እንደሚታመን በዐይኑ አይቶ ማጉረምረሙን ተወ። አንድ ትልቅ ተፎካካሪ ፋብሪካ ሰው ልኮባቸው ነበር። መልእክተኛው የተሻለ ነገር እንደሚያደርጉላቸው ሲዘረዝር አዳምጠው ሲያበቁ «እኔ እዚያኛው ቤት ልጅ አለኝ» ብለው ሸኙት። አማላጇ ይህን የሰማችው ከልጃቸው ነው። በዚያ ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቃሉን ለራሷ ደጋግማ አለችው። ልጅ አለኝ።

እንዲህ ሆነው ዓመታት ሄዱ። እሁድ እሁድ ሥራ ኖረም አልኖረ እዚያ ግቢ ናት። ከልጅየዋ ጋር እህትማማች ሆኑ፤ ልብስ ይዋዋሳሉ፣ ይተማማሉ፣ ተኮራርፈው ሳምንት ሳይሞላ ይታረቃሉ። እማማ ሁለቱንም እኩል ይሳደባሉ። አንዷን «አንቺ ባል ያጣሽው በመርፌሽ እየወጋሽ ነው»፣ ሌላዋን «አንቺ ደግሞ ለሰው ሁሉ ስታማልጂ ራስሽን ረሳሽ» ይሏቸዋል። አማላጇ በዕድሜዋ ሙሉ የምትቀመጥበትን ወንበር ሳትመርጥ የተቀመጠችው እዚያ ቤት ብቻ ነበር።

መርሳቱ የጀመረው በሳቅ ነው።

አንድ ቪዲዮ ላይ እማማ ሳሙናውን በእጃቸው ይዘው «ሳሙናዬን ማን ወሰደው?» ብለው ግቢውን አተራመሱት። ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ። በሌላ ጊዜ የሳሙናውን ስም ሲጠሩ፣ ድሮ በልጅነታቸው የነበረ፣ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው ሳሙና ስም ከአፋቸው ወጣ። ያንንም ሰው እንደ አዲስ ቀልድ ቆጠረው። ቪዲዮዎቹ ከመቼውም የበለጠ ታዩ። አማላጇም ከሳቁት አንዷ ነበረች። አብራ ስቃ፣ ለጓደኞቿ ልካ፣ ቢሮ ውስጥም ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰምታ ነበር።

ከዚያ አንድ እሁድ ስትደርስ እማማን ሳፋው አጠገብ ብቻቸውን አገኘቻቸው። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ለደንበኛ ሊሰጥ የተዘጋጀ ልብስ ሁሉ ውኃ ውስጥ ተነክሯል። አንድ የወንድ ሸሚዝ ይዘው አንገትጌውን ያሻሉ። የማን ነው ብላ ብትጠይቃቸው፣ የባለቤታቸው መሆኑን፣ ነገ ለሥራ እንደሚለብሰው፣ እስኪመጣ ካልደረቀ እንደሚቆጣ ነገሯት። ካሜራ አልነበረም። የሚስቅም ሰው አልነበረም።

ልጅየዋን ጎረቤት ቤት ከምትሰፋበት ጠርታ ወደ ውስጥ ጎትታ ስትነግራት፣ ልጅየዋ አልደነገጠችም። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና አውቃለሁ አለች። ሐኪም ዘንድ ከወሰደቻቸው ቆይታለች። በሽታው የሚብስ እንጂ የሚመለስ እንዳልሆነ ተነግሯታል። ለዘመድም ለጎረቤትም አልተናገረችም።

አማላጇ እንግዲያው ቀረጻው ይቁም አለች። ሥራዋን ረስታ፣ ፋብሪካዋን ረስታ ነው ያለችው።

«ካሜራው ሲበራ እናቴ ትመለሳለች» አለች ልጅየዋ። «ሰው ሲስቅላት ዐይኗ ይበራል፣ ወሬዋ ይመጣል። ስዘጋው ደግሞ ‹አንቺ የማን ልጅ ነሽ?› ትለኛለች። የቱን ልምረጥ? እስቲ አንቺ ምረጪልኝ።»

አማላጇ አልመረጠችም። ለፋብሪካውም ሳትናገር ወራት ሄዱ። ቀረጻው ቀጠለ። ቪዲዮ በወጣ ቁጥር የተመልካቹን አስተያየት ታነባለች፤ «እማማ ዛሬ ምን ረሱ?» የሚለው ጥያቄ በጉጉት የሚጠበቅ፣ መወራረጃም ሆኖ ነበር።

ፋብሪካው አዲሱን የማምረቻ ክፍሉን ሲመርቅ የሽያጭ ኃላፊው እማማ መድረክ ላይ እንዲወጡ አሰበ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረችው። ኃላፊው ወንበሩ ላይ ወደኋላ ተደገፈ። የገዛ አባቱም በመጨረሻው ዘመኑ እንደዚያ እንደነበረ፣ ሲሞት ልጁን እንዳላወቀው አወራላት። ዐይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ግን ጥሪው ተበትኗል፣ አዳራሹ ተይዟል፣ ቤተሰቡ ፈቃደኛ ከሆነ ይምጡ፣ አጭር ይሁን አለ። ልጅየዋ ፈቃደኛ ነበረች። እንዲያውም ለእናቷ አዲስ ቀሚስ ሰፍታ ጨርሳለች። አማላጇ ለመነቻት፤ ልጅየዋ ግን ከሰው ፊት ሲቆሙ እንደሚሻላቸው እርግጠኛ ሆና ነበር። ከዚህ በፊት ሁሉ ተሽሏቸው ነበርና።

ቀትር ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መድረኩ ላይ ሳፋ፣ በርጩማና አዲሱ ሳሙና ተዘጋጀ። እማማ በአዲሱ ቀሚሳቸው ሲወጡ ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እሳቸው ግን ወደ ሳፋው አዩና ይሄ ውኃ የማን ነው? አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጠ። ዘወር ዘወር አሉ። «ልጄስ?» አሉ። «አሁን እዚህ ነበረች እኮ። ትንሽ ልጅ ናት። ማን ወሰዳት?» ሳቁ ጨመረ። ጎንበስ ብለው ጠረጴዛው ሥር ይፈልጉ ጀመር፤ የጠረጴዛውን ጨርቅ ገለጡ፤ ከመጋረጃው ኋላ ገብተው ወጡ። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ስልኮች ሁሉ ወደ ላይ ተዘርግተዋል። እማማ እያለቀሱ ነበር። እንባቸውንም እንደ ትወና ቆጠሩላቸው። ልጅየዋ ከመድረኩ ሥር ቆማ ስልኳን እንደያዘች ነው፤ መቅረጹን አላቆመችም። ምናልባት አሁን ትመለሳለች፣ አሁን ትመለሳለች እያለች ነበር።

አማላጇ እንዴት መድረኩ ላይ እንደወጣች አታስታውስም። እማማን በክንዷ አቀፈቻቸውና ድምፅ ማጉያውን ያዘች።

«እባካችሁ አትሳቁ» አለች። «እየቀለዱ አይደለም። ታመዋል።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ ነገሩ ያልደረሰው አንድ ሰው ብቻውን ሲስቅ ተሰማ፤ እሱም ዝም አለ። እማማ ቀሚሷን ጨምድደው ይዘው ልጃቸውን አይታት እንደሆነ ጠየቋት። አየኋት እማማ፣ ደህና ናት አለቻቸው።

ከመድረኩ ጀርባ፣ ወንበሮች በተደራረቡበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ልጅየዋ እናቷን አስቀምጣ ጫማቸውን አወለቀችላቸው። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ከቁጣ የባሰ ነገር ነበር።

«ለእህቶቿ እንኳን ያልነገርኩትን አንቺ በማይክ ተናገርሽ» አለች።

«ይስቁባቸው ነበር እኮ።»

«ይሳቁ። እሷ የምታውቀው መሳቃቸውን ነበር፤ መታመሟን አታውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሲያያት የሚያየው በሽታዋን ነው። እናቴ ገመናዋን ሸፍና የኖረች ሴት ናት። አንቺ ገለጥሽባት።» ከዚያም «ከእንግዲህ እኛ ቤት አትምጪ» አለች።

ሕይወቷን በሙሉ ሰውን ከሰው ስታስማማ የኖረችው አማላጇ ጎንበስ ብላ የወለቀውን ጫማ ከወንበሩ ሥር አስተካክላ አስቀመጠች። እማማ ወንበሩ ላይ ሆነው ሁለቱን በየተራ ያዩዋቸዋል። በመጨረሻ፣ ልጆች አትጣሉ አሉ።

ቀኑ ሳይመሽ ወሬው ሁሉ ቦታ ደረሰ። ቀትር ላይ የሳቁት አለቀሱ፤ ካለቀሱም በኋላ ጥፋተኛ ፈለጉ፤ የታመሙ እናትን መሳቂያ ያደረገ ፋብሪካ ተባለ። አማላጇ ያን ቀን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ እማማ ሲረሱ የሚታዩባቸው ቪዲዮዎች ከፋብሪካው ገጽ እንዲነሱ። ፋብሪካው ደንግጦ ነበርና ሁሉንም አጠፋ። የረሱበትንም፣ ጤነኛ ሳሉ ሳሙናውን ግንበኛ ጋ የላኩበትንም፣ ባላቸውን ያሙበትንም። በውሉ መሠረት፣ ቀድሞ የወጡትም ሳይቀሩ፣ ቪዲዮዎቹ ሁሉ የሚቀመጡት በፋብሪካው ገጽ ላይ ነበር። የልጅየዋ አሮጌ ስልክ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሌላ ቅጂ የላትም።

ልጅየዋ ደወለች። ከዚያ በኋላ ደውላ አታውቅም። «ጤነኛዋን እናቴን የት አደረሳችኋት?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ዘጋች።

አማላጇ ኃላፊው ዘንድ ሄደች፤ የኮምፒውተር ባለሙያው ዘንድ ሄደች፤ አንዴ የጠፋ ጠፍቷል አሏት። ስለዚህ ተመልካቾቹን አንድ በአንድ መለመን ጀመረች። ድሮ አስተያየት የጻፉትን ሰዎች ስም እያስታወሰች መልእክት ላከች። አንድ የታክሲ ሹፌር ሁለቱን በስልኩ አስቀርቶ ኖሯል፤ ሲከፋው የሚያያቸው እንደሆኑ ነገራት። ሆስፒታል የምታድር አንዲት ነርስ ለታካሚዎች የምታሳየው አንድ ነበራት። አንድ ተማሪ ከሌላ አገር ላከላት። ብዙውን አገኘች፤ ሁሉንም ግን አላገኘችም። ከአንዳንዱ ድምፁ ሄዷል፤ ከአንዳንዱ ምስሉ ደብዝዟል። ሳሙናው የተሰደበበትን የመጀመሪያውን ቪዲዮ በደንብ ያስቀመጠ አንድም ሰው አልተገኘም።

ያገኘችውን በፍላሽ አድርጋ ይዛ ሄደች። ልጅየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። ከኋላዋ እማማ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል፤ በጣም አንሰዋል፤ አንዲት ፎጣ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ። ሰው መቆሙን ሲያዩ ማንን ፈልገሽ ነው? አሉ።

«ዕቃ ላደርስ ነው እማማ» አለች አማላጇ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፤ ለማያውቁት ሰው በሚሰጥ ትሕትና። ሽሙጥ የለበትም፤ ስድብ የለበትም። በነዚያ ዓመታት ሁሉ እንዲህ ጨዋ ሆነውባት አያውቁም ነበር። ልጅየዋ ፍላሹን ተቀበለች፤ በእጇ ጥቂት አገላበጠችው፤ አንድ ነገር ልትል ይመስል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በሩን ድምፅ ሳታሰማ ዘጋችው።

የእማማን ሞት አማላጇ የሰማችው እንደማንኛውም ተመልካች ከስልኳ ላይ አንብባ ነው። ለሰው ሁሉ በሐዘኑም በደስታውም ቀድማ የምትደውለው እሷ፣ የሚደውልላት አጣች። ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆመች። ፋብሪካው የአበባ ጉንጉን ልኮ ነበር፤ በሰፊ ጥብጣብ ላይ የሳሙናው ስም ታትሞበታል። ጉንጉኑን ከያዘው ሾፌር ተቀብላ ጥብጣቡን ፈታችና ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው፤ አበባውን ብቻ መለሰችለት። ልጅየዋ ይህን አይታለች። ሰዎች ደግፈዋት በአጠገቧ ስታልፍ ዐይን ለዐይን ተያዩ። አማላጇ ጠበቀች። ልጅየዋ አለፈች።

ሥራዋን አልለቀቀችም። ዛሬም ፋብሪካው ከእሱ ጋር ብዙ ዓመት የሚቆዩ ሰዎች ያሉት በእሷ ምክንያት ነው ይላሉ፤ አዲስ የሚቀጠሩ ልጆችንም የምታሠለጥነው እሷ ናት። ውል ላይ ቪዲዮው የባለቤቱ እንደሆነ፣ ቅጂውም በእጁ እንዲቀር የሚል አንቀጽ አስገብታለች፤ ኃላፊው ያለ ክርክር ተቀበላት። ትደውላለች፣ ትጠይቃለች፣ የልጆችን ስም ታውቃለች።

በቅርቡ መንታ ከወለዱ ወጣት ባልና ሚስት ጋር ተዋውላለች። በቪዲዮ የሚያሳዩት የሕፃናት ልብስ ማለቂያ የሌለው እጥበታቸውን ነው፤ ባልየው ዳይፐር ሲለውጥ የሚያወራው ወሬ ሰውን ያስቃል። ባለፈው ቀረጻው ሲያልቅ ሚስትየው አንዱን ሕፃን አማላጇ ጭን ላይ አስቀመጠችና ምሳ አብረሽን ብዪ፣ ደግሞ እንደ እንግዳ አትሁኝ፣ እኛ እኮ እንደ እህታችን ነው የምናይሽ አለቻት። ሕፃኑ ጣቷን ጨብጦ ያዛት። ጣቷን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ቀጠሮ አለኝ አለች።

ቀጠሮ አልነበራትም። ታክሲ መያዣው ጋ ስትደርስ ታክሲው ቆሞ ነበር፤ ረዳቱ ትገቢያለሽ? ቢላት በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ከመጠለያው ሥር ተቀምጣ ቆየች፤ ሌላም መጣ፣ እሱም ሄደ። ወዴት እንደምትሄድ ለጊዜው አላወቀችም ነበር።